«የበታች» የሚለው ቃል ትርጉምና አገባብ





ይህን ያህል መምህር ተሰብስቦ ስለ አንድ ቃል ብቻ ይነገረዋልን? የሚል አሳብ ቢያድርባችሁ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን የመምህር መሣሪያው ቃል ነው። ገበሬ ከማረሱ በፊት ማረሻውን እንደሚመረምር፣ መምህርም በልጅ ላይ የሚያሳርፈውን ቃል አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል። ዛሬ የምንመረምረው «የበታች» የሚለውን ነው።

ቃሉ ሲፈታ «የ»፣ «በ» እና «ታች» ይሆናል። «ታች» በግዕዝ «ታሕት» ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ በትግርኛ «ታሕቲ»፣ በዐረብኛም «ታሕት» እየተባለ በእኅት ቋንቋዎች ይገኛል። ከዚሁ ሥር ደግሞ «ትሑት» እና «ትሕትና» የተባሉት ቃላት ወጥተዋል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ሰው ሲባል የሚያፍርበት ቃልና ሰው ሲባል የሚመሰገንበት ቃል የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ልዩነታቸው ትሑት ሰው በገዛ ፈቃዱ ዝቅ ማለቱ፣ የበታች የተባለው ግን ሌላ ሰው ዝቅ ያደረገው መሆኑ ነው።

የቃሉ የመጀመሪያ አገልግሎት ስፍራን ማመልከት ነው። በጽሑፍ «ከዚህ በታች እንደ ተመለከተው» ስንል ማንንም አናዋርድም፤ እንዲያውም በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ የትልቁ ሹም ፊርማና ማኅተም የሚያርፈው ከሁሉ በታች ነው። ሁለተኛው አገልግሎት በሥራ ላይ ያለውን ተዋረድ ማሳየት ነው፤ «የበታች ሠራተኛ» ሲባል ትእዛዝ ከማን እንደሚቀበል ያስረዳል። በሠራዊትም «የበታች ሹም» የሚል አጠራር አለ። ይህ አጠራር በአንድነት ሁለት ነገር ይናገራል፤ ሰውዬው ከመኮንን በታች ነው፤ ዳሩ ግን ሹም ነው። ለምልምል ወታደር ሰልፍ የሚያስተምረውም እርሱ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ «የበታች» ብቻውን ሊቆም የማይችል ቃል መሆኑን ነው። «የበታች» ሲባል «የማን? በምንስ ነገር?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይከተለዋል። በመሥሪያ ቤት ከአለቃው በታች የሆነ ሰው፣ በእድሩ ዳኛ ሊሆን ይችላል፤ አለቃውም ለለቅሶ በመጣ ጊዜ የእርሱን ሥርዓት ይጠብቃል። ስለዚህ ቃሉ የወንበሩ ነው እንጂ የሰውዬው አይደለም።

አባቶቻችን ይህን ያወቁ ይመስለኛል። በዘውድ ዘመን የነበሩትን የጦር ማዕረጎች ብንመለከት፣ ግራዝማች ከግራ፣ ቀኝአዝማች ከቀኝ፣ ፊታውራሪ ከፊት፣ ደጃዝማች ከደጅ የተሰየሙ ናቸው። ግራዝማች ከቀኝአዝማች ማነሱ የታወቀ ነበር፤ ስሙ ግን የተመደበበትን ወገን ይናገራል እንጂ ማነሱን አይናገርም። እንደዚሁም «ምክትል» የሚከተል፣ «ረዳት» የሚያግዝ ማለት ነው። «ታናሽ» የሚለው እንኳ ማነስን በግልጥ ቢናገርም፣ «ታናሽ ወንድሜ» ሲባል ፍቅርና አደራ ያለበት ቃል ይሆናል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ቃሉ «ነት» የምትለዋን ቅጥያ ጨምሮ «የበታችነት» በሆነ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የወንበሩ የነበረው ቃል የሰው ጠባይ ይሆናል። የኦስትሪያው ሐኪም አልፍሬድ አድለር (1870-1937 እ.ኤ.አ.) እኛ «የበታችነት ስሜት» የምንለውን ነገር በሰፊው መርምሯል። እንደ ትምህርቱ፣ ሕፃን ሁሉ በትልልቆች መካከል ትንሽ ሆኖ ስለሚኖር ይህ ስሜት ያድርበታል፤ ስሜቱም ለማደግ እንዲጣጣር ያነሣሣዋል። የሚጎዳው፣ ልጁ «ከዚህ አልነሣም» ብሎ የቆረጠ እንደ ሆነ ነው። አድለር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቪየና የልጆች ምክር መስጫ ጣቢያዎችን ሲያቋቁም መምህራንን የሥራው ተካፋዮች ያደረገው፣ ልጅን ወደዚህ ተስፋ መቁረጥ የሚያደርሰውም ከዚህ የሚመልሰውም አንዱ መምህር በመሆኑ ነው።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመት፣ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት፣ የተማሪዎቼን ደረጃ በወላጆች ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። መጨረሻ የወጣውን ልጅ «ውራ» ብዬ ጠራሁት፤ ሕዝቡም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በመስከረም ልጁ አልተመለሰም። አባቱን ገበያ ላይ አግኝቼ ብጠይቀው፣ «መምህር፣ ከሁሉ በታች ነው ብለው እርስዎ ፈረዱበት፤ እኔም ከከብቶቹ ጋር ሰደድሁት» አለኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ። ደረጃው የነገረኝ የፈተናውን ድምር ብቻ ነበር። ልጁ በመኸር ወራት ስንት ቀን ከአውድማ እንደ ዋለ ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ይህ ቃል ራሳችንንም ይጎዳናል። ከምናሠለጥናቸው ወጣቶች መካከል አንደኛ ክፍል እንዲያስተምር የተመደበው «ታች ክፍል ጣሉኝ» እያለ ሲያዝን እሰማለሁ። ነገር ግን 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፣ ይኸውም 231 ሆሄያትን፣ ለሕፃን ዓይን የሚያስለየው እርሱ ነው። እርሱ ያልሠራውን የላይኛው ክፍል መምህር በብዙ ድካም እንኳ አያቃናውም። የቤት መሠረት ከግድግዳው በታች ነው፤ ስለዚህ ግን መሠረቱን የሚንቅ ግንበኛ የለም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ክቡራን ሹማምንት ሆይ፣ አንደኛ ክፍልን የቅጣት ስፍራ አታድርጉት፤ የበሰለውን መምህር ወደዚያ ላኩልን። የሥራ ጓደኞቼ ሆይ፣ ለልጁ የደከመበትን ትምህርት ለይታችሁ ለብቻው ንገሩት፤ በጉባኤ መካከል ግን የበታች አትበሉት። ከዚያው ሥር የወጣውን ሁለተኛውን ቃል፣ ትሕትናን፣ እኛ ለራሳችን እንውሰድ። ሕፃኑ ወደ እኛ ቁመት እስኪደርስ ድረስ ጎንበስ ብሎ ማስተማር የእኛ ፋንታ ነውና።