ልጁን ከመቅጣታችን በፊት ቤቱን እንይ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር ስብሰባችን ሲያልቅ አንዲት እኅታችን በር ላይ ይዛኝ አለቀሰች። የአራት ዓመት ልጇ ሌሎች ልጆችን እየነከሰና እየመታ ስላስቸገረ ዴይኬሩ ከእንግዲህ አንቀበለውም ብሏታል። “ምን ዓይነት እናት ብሆን ነው?” አለችኝ። ያን ቀን የምመልስላት ነገር አጣሁ። የዛሬው ንግግሬ ለእርሷ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት እንደ እርሷ ለነበርኩት ለራሴም ነው።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት እ.ኤ.አ. በ2001 እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። የተከራየነው ቤት አሮጌ ነበር። መስኮቱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቀለሙ እየተላጠ ፍርፋሪው ሥሩ ይጠራቀማል። ጡቴ ስላልበቃው ፎርሙላውን በቧንቧ ውኃ እየበጠበጥኩ አሳደግኩት። ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ ልጁ እሳት ሆነ። ያገኘውን ይወረውራል፤ “ተው” ሲሉት ይብስበታል፤ የነካውን ልጅ ይነክሳል። አንዷ ዘመዴ “አሞላቀቅሽው” አለችኝ። ሌላዋ “ጠበል ውሰጂው” አለችኝ፤ ወሰድኩት፤ በዚህም አላፍርም። የማፍረው በሌላው ነው። አልደብቃችሁም፣ መታሁት። አንድ ቀን ብቻም አይደለም። ማታ ሲተኛ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር፤ በማግስቱ ግን ያው ነው።

በ2004 መጀመሪያ ላይ የከተማችን የቧንቧ ውኃ እርሳስ እንዳለበት በጋዜጣ ወጣ። በ2000 ለውኃ ማከሚያ ይጠቀሙበት የነበረውን ክሎሪን በክሎራሚን ለውጠው ነበር። በአሮጌዎቹ የእርሳስ ቧንቧዎች ውስጥ ለዓመታት የተጋገረው ሽፋን በዚህ የተነሣ እየተፈታ፣ እርሳሱ ወደ ውኃው ይገባ ኖሯል። እኔም ልጄን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በአንድ ዴሲሊትር ደሙ ውስጥ 18 ማይክሮግራም እርሳስ ተገኘበት። በዚያን ጊዜ የሚያሳስበው መጠን ከ10 ጀምሮ ነበር። ዛሬ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ከ2021 ወዲህ 3.5 ላይ አውርዶታል። የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል።

እርሳስ ስል ልጆቻችን የሚጽፉበትን ማለቴ አይደለም። የዚያ ውስጡ ግራፋይት ነው። የምናገረው በድሮ ቧንቧ፣ በድሮ ቀለምና በመኪና ባትሪ ውስጥ ስላለው ከባድ ማዕድን ነው። የልጅ ሰውነት እርሳስን ካልሲየም መስሎት ይቀበለዋል፤ አጥንቱ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ አንጎሉም ውስጥ ያስገባዋል። ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ውስጥ ሰውነቱ የሚያስቀረው ከአዋቂ በአራትና በአምስት እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። በአንጎል ውስጥ ከሚጎዳቸው ቦታዎች አንዱ ከግንባራችን በስተኋላ ያለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል እንደ ፈረስ ልጓም ነው፤ ቁጣ ሲመጣ “ቆይ፣ ረጋ በል” የሚለን እርሱ ነው። ልጓሙ የላላበትን ልጅ እኛ ባለጌ እንለዋለን።

ኸርበርት ኒድልማን የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም በፒትስበርግ ከተማ የወንዶች ልጆችን አጥንት መርምረው በ1996 ውጤቱን አሳተሙ። በአጥንታቸው ብዙ እርሳስ የተገኘባቸውን ልጆች ወላጆቻቸውም፣ መምህራኖቻቸውም፣ ልጆቹ ራሳቸውም የበለጠ ጠበኛ ናቸው ብለው መሰከሩ። በሲንሲናቲ ከተማ ደግሞ ተመራማሪዎች ልጆችን ከማኅፀን ጀምረው እስኪጎለምሱ ተከታተሏቸው። በ2008 እንደታተመው፣ በልጅነታቸው ደማቸው ውስጥ ብዙ እርሳስ የነበረባቸው ሰዎች ሲያድጉ በፖሊስ የተያዙበት ጊዜ በዛ ብሎ ተገኘ።

ይህን ስል ግን አደራ! የሚማታ ልጅ ሁሉ እርሳስ አለበት ማለት አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ልጅም ይማታል፤ በቤቱ ጠብ የሚያይ ልጅም ይማታል፤ የሚሰማውን መናገር ያቃተው ልጅም ይማታል። የእኔም ልጅ ቁጣ ስንቱ ከእርሳሱ፣ ስንቱ ከሌላ እንደሆነ ማንም ሐኪም ለይቶ ሊነግረኝ አይችልም። ነገር ግን እርሳስ በመልክ አይታወቅም፤ በደም ምርመራ ብቻ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ልጁን ከመቅጣታችን በፊት እናስመርምረው ነው የምለው።

አሁን ወደ ማዕዳችን ልምጣ። ሐኪሙ ለልጄ መድኃኒት አላዘዘለትም። “ምንጩን አስወግጂ፣ በደንብ አብዪው” ነው ያለኝ። የበላ ልጅ ከተራበ ልጅ ያነሰ እርሳስ ወደ ደሙ ያስገባል። ብረትና ካልሲየም ያነሰው ሰውነት ደግሞ እርሳሱን አብዝቶ ይወስዳል። የብረት ማነስ ራሱም ልጅን ነጭናጫና ትኩረት የሌለው ያደርገዋል። እኛ ደግሞ መልካም ምግብ አለን፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ሥጋ፣ እንቁላል፤ ለካልሲየም ወተት፣ እርጎና አይብ። ከምስሩ ጋር ብርቱካን ወይም ቲማቲም ጨምሩለት፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳል። አንድ ልማዳችንን ግን እንተው፦ ለልጅ ቁርስ ሻይ በዳቦ መስጠትን። ሻይ በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ይይዘዋል። ነፍሰ ጡር እኅቶቼም ካልሲየም እንዳይጎድልባችሁ ተጠንቀቁ። በልጅነታችን አጥንታችን ውስጥ የገባ እርሳስ ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ በእርግዝና ጊዜ ወደ ደም ይወጣል፤ ወደ ፅንሱም ይደርሳል።

“ስኳር ነው ያሳበደው” የምንለውስ? በ1994 አንድ ጥናት ተደርጎ ነበር። እናቶች ልጃችሁ ስኳር ወስዷል ተባሉ፤ ልጆቹ የወሰዱት ግን ስኳር የሌለበት ማጣፈጫ ነበር። እናቶቹ ልጆቻቸውን ቅብጥብጥ ሆኑ አሉ፤ ይበልጥም ተቆጣጠሯቸው፣ ነቀፏቸው። ስኳር ለጥርስና ለክብደት መጥፎ ነው፤ ይቀነስ። ዳሩ ግን ስኳሩን እየከሰስን ቧንቧውንና መስኮቱን እንዳንረሳ።

በየቤታችን የምናየው ይህ ነው።

ውኃ፦ ለመጠጥና ለምግብ ከቀዝቃዛው ቧንቧ ብቻ ቅዱ። ማፍላት እርሳስን አያጠፋም፤ ውኃው ሲተን የቀረው ይብሱኑ ይወፍራል። ማጣሪያ ስትገዙ እርሳስ እንደሚቀንስ ተመስክሮለት “ኤን ኤስ ኤፍ 53” የሚል የተጻፈበትን ምረጡ።

ቀለም፦ በአሜሪካ እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም የታገደው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት የሚያከራይ ሰው ስለ እርሳስ ቀለም የሚያውቀውን በጽሑፍ የመንገር ግዴታ አለበት፤ ጠይቁ። የተላጠውን ራሳችሁ አትፋቁ። መስኮቱንና ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ፤ ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ያስነሣዋል። የልጁን እጅ ከምግብ በፊትና ከመኝታ በፊት አስታጥቡ።

ድስት፦ በዋሽንግተን ስቴት፣ በኪንግ ካውንቲ፣ የጤና ባለሙያዎች ከአፍጋኒስታን በመጡ ስደተኞች ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ አግኝተው ምንጩን ሲፈልጉ ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጠው የተሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶች ላይ ደረሱ። አገር ቤትም እንዲሁ ቀልጠው የሚሠሩ ድስቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። በሻንጣ ያመጣነውን እንዲህ ያለ ድስት ለመታሰቢያ እናስቀምጠው፤ የልጅ ምግብ ግን አይሠራበት።

እርድና ኩል፦ በባንግላዴሽ ነጋዴዎች እርድ ቢጫ እንዲያምር እርሳስ ያለበት ቀለም ይጨምሩበት ነበር። መንግሥት በ2019 በብርቱ ተቆጣጠረ፤ በ2021 በገበያው ሲመረመር አልተገኘም። ስለዚህ እርድ ስትገዙ ተጠንቀቁ። ኩልም ብዙ ጊዜ ከእርሳስ ድንጋይ ስለሚሠራ ሕፃን ዓይን ላይ አይደረግ።

ምርመራው፦ ሜዲኬድ ያላቸው ልጆች በአንድ ዓመታቸውና በሁለት ዓመታቸው መመርመር አለባቸው። ሐኪሙ ቢረሳ እናንተ አስታውሱት። ውጤቱንም “ደኅና ነው” በሚል ቃል አትቀበሉ፤ ቁጥሩን ጠይቁ።

ልጄ ዛሬ ሰው ሆኗል፤ ይሠራል፤ ለእኔም ይደርስልኛል። ቁጣው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ሲመጣበት ወጥቶ መሄድን ተምሯል። ከቤቱ ለቅቀን፣ ምግቡን አስተካክለን፣ ዱላውንም ትቼ ነው እዚህ የደረስነው። እጁን ይዤ “መማታት የለም” እለዋለሁ፤ እስኪረጋ አጠገቡ እቀመጣለሁ። በሽታ ነው ብዬ ሥርዓት ማስያዙን አልተውኩም። አንድ ቀን፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው፣ “እማዬ፣ ትንሽ ሳለሁ ለምን ነበር የምትመቺኝ?” አለኝ። “አላውቅም ነበር” አልኩት። እውነቴን ነው፤ ግን ለልጅ የሚበቃ መልስ አይደለም። እናንተ ይህን መልስ እንዳትሰጡ ነው ዛሬ የቆምኩት።

ከመካከላችን ብዙዎች በቤታችን ዴይኬር የምንሠራ ነን። የሰው ልጅ በአደራ ይዘናል። ማኅበራችን በመጀመሪያ የእነዚህን ቤቶች ውኃ እንዲያስመረምርና አቅም ላነሳቸው ማጣሪያ እንዲገዛ ሐሳብ አቀርባለሁ። ደጋፊዎቻችንም በዚህ እንድትረዱን እለምናለሁ። ያቺ እኅታችን ደግሞ ሐሙስ ቀጠሮ ይዛለች፤ አብሬያት እሄዳለሁ። ሌላም የምትፈልግ ካለች ትንገረኝ፤ መኪናዬ ውስጥ ቦታ አለ።