ሳጥን የተከተተ ጨርቅ፦ ስለ ድሪቶና ስለ መቀስ



«ድሪቶ» የሚለውን ቃል የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ በንቀት ሲነገር ነው። እኛ መምህራንም የተማሪ ጽሑፍ ሳያምረን ሲቀር «ከዚያም ከዚህም ደርቶ አመጣው» እንላለን። እኔ ግን ዛሬ ስለ ደራቾች በአክብሮት ልናገር መጥቻለሁ።

ጂስ ቤንድ የአላባማ ወንዝ በሦስት ጎን የከበባት የአሜሪካ የገጠር መንደር ናት። ነዋሪዎቿ በጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የሠሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ጥጥ ሲያመርቱ ኖረው፣ ለአዲስ ጨርቅ ግን እጃቸው አጥሮ፣ ሴቶቹ ከአሮጌ የሥራ ልብስ የብርድ ልብስ ይደርቱ ነበር። ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 እ.ኤ.አ. ባሏ ሲሞት ይለብሳቸው የነበሩትን የሥራ ልብሶች ቀዳ ድሪቶ አደረገቻቸው። በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ላይ ኪስ የተነቀለበት ቦታ ጠቁሮ፣ ፀሐይ የመታው ደብዝዞ ይታያል። ያን ቀለም ማንም ነጋዴ አይሸጠውም።

በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሲርስ የተባለው ኩባንያ በአካባቢው ለነበረው የሴቶች ኅብረት ሥራ የኮርዱሮይ የትራስ ልብስ እንዲሰፋ ትእዛዝ ሰጠ። ትርፍራፊው ወደ ቤት ገባ። ኮርዱሮይ ወፍራም ነው፤ ለረቂቅ ቅርጽ አይታዘዝም። ስለዚህ ሴቶቹ በሰፋፊ ቁራጭና በረጃጅም ዘርፍ ሠሩት። ንድፉን የወሰነው በከፊል የተረፈው ጨርቅ ራሱ ነው ማለት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የጂስ ቤንድ ድሪቶዎች በኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ታዩ።

ይህን ለዓመታት ሳስተምር የእናቴ ሳጥን በቤቴ ተዘግቶ ተቀምጦ ነበር። ካኪ፣ አቡጀዲ፣ ያረጁ ነጠላዎች፣ ሁለት ቀሚሶች። መቀስ ባነሣሁ ዕለት ታላቅ እህቴ «እማዬን ልትቆራርጫት ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ብል እየበላው መሆኑን ብነግራትም ጥያቄዋ ስለ ብል አልነበረም። እኔ የማምነው የተከተተ ጨርቅ እንደ ተከተተ አይቆይም፤ ወይ ይሠራበታል ወይ ሳይታይ ያልቃል። እርሷ ግን ሙሉው ልብስ የሰውነት ቅርጽ እንዳለው፣ ቁራጩ እንደሌለው ታውቃለች። በዚህ ትክክል ናት።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ተበላሸ። ጨርቁን ሳላጥብ ሰፋሁት፤ ሲታጠብ አቡጀዲው ተሰበሰበ፣ ከካኪው ጋር የተጋጠመው ነጠላ በስፌቱ ላይ ተተረተረ። ፈትቼ እንደ ገና ጀመርሁ። ነጠላውን ሁሉ ከሥሩ በአቡጀዲ ደገፍሁት፤ ለስፌቱም ሰፋ ያለ ጠርዝ ተውሁለት።

አንደኛውን ቀሚስ እህቴ ሰጠችኝ፤ እጅጌውን ራሷ ቆረጠችው። ሁለተኛውን ከለከለችኝ፤ እስካሁን ከሳጥኑ አልወጣም።

ድሪቶው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀርባችሁ ብትዳስሱት ደስ ይለኛል፤ ስፌቱ ከጀርባው በኩል ይበልጥ ይነበባል።