የቤታችን ጠላቶች፤ አይጥ፣ ነቀዝ፣ ትኋንና ምስጥ

(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንድ ጡረታ በወጡ የጤና ባለሙያ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ኮሚቴ ስለ አይጥ ተናገር ብሎ ሲያዘኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ስለ ውሃና ስለ መብራት ለመነጋገር የመጣ ሰው ስለ አይጥ ምን ያዳምጠኛል ብዬ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ የሚያስቅ አይደለም። ባለፈው ክረምት ሦስት ጎረቤቶች ስለ አይጥ መርዝ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። ሦስቱም ያሉኝ «የትኛው ቶሎ ይገድላል?» ነው። «የትኛው ልጄን አይጎዳብኝም?» ያለኝ አንድም ሰው የለም። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩትም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ አይጥን እንወቃት። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ መቆርጠም ግዴታዋ ነው። የምትበላውን ብቻ ሳይሆን የማትበላውንም፣ ሣጥኑንም ልብሱንም የመብራት ሽቦውንም ትቆረጥማለች። ልባሱ የተላጠ ሽቦ ደግሞ እሳት ያስነሣል። ሽንቷና ኩሷ እህልና ውሃ ይበክላል፤ በላይዋ የሚኖረው ቁንጫም አንድ ዓይነት ተስቦ ወደ ሰው ያስተላልፋል። ሦስት ሳምንት ገደማ አርግዛ በአንድ ጊዜ ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች። ትንሿ የቤት አይጥ እርሳስ በሚያሾልክ ቀዳዳ ትገባለች። እንግዲህ ዛሬ ሁለት ገድለን ነገ አሥር ብናይ ምን ይደንቃል?

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ጎንደር በሕዝብ ጤና ኮሌጅ ስማር መርዝ እንዴት እንደሚያዝ ተምሬአለሁ። ሆኖም በ1979 ዓ.ም. አይጥ አላስተኛ ብላኝ፣ የተማርኩትን ረስቼ፣ ዳቦ ላይ መርዝ ነስንሼ ከማድ ቤቱ ኋላ አስቀመጥሁ። ጠዋት ጩኸት ሰምቼ ብወጣ የጎረቤቴ የሦስት ዓመት ልጅ ዳቦውን ይዛ ቆማለች፤ እናቷ ከእጇ ስትነጥቃት ደረስሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልቀመሰችውም። እናቲቱ አልተሳደበችኝም። «እርስዎ እንኳ እንዲህ ካደረጉ እኛ ምን እናድርግ?» ብቻ አለችኝ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል የምንሰማው ለዚህ ነው።

መርዝ የግድ ከሆነ ስሙና አጠቃቀሙ የተጻፈበት፣ እሽጉ ያልተከፈተ ይሁን። በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ ነገር ወደ ቤታችሁ አታስገቡ። ልጅ መርዝ ቀምሶ ከሆነ ወተት ወይም ዘይት በመጋትና በማስመለስ ጊዜ ሳታጠፉ፣ የመርዙን ማሸጊያ ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ሐኪሙ የመርዙን ዓይነት ካወቀ ሥራው ይቀለዋል።

ከአይጥ መርዝ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን የነቀዝ ክኒን ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው ይህ ክኒን የአየሩ እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው፤ ሰውንም የሚገድለው እሱ ነው። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሥራው ከሰው መኖሪያ ርቆ ለታሸገ ጎተራና መጋዘን ነው፣ ያውም በሠለጠነ ሰው እጅ። ከአልጋ ሥር ባለ ጆንያ ውስጥ ከተን በሩን ዘግተን ከተኛን፣ የተኛነው ከመርዝ ጋር ነው። የምንጎራበተው በአንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነም ጋዙ በስንጥቁ አልፎ የጎረቤትን ልጅ ያገኛል።

ደግሞ ብዙዎቻችን የምናስቀምጠው ጤፍ ነው። ጤፍ ቅንጣቱ ትንሽ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ታዲያ ክኒኑ ለምን ያስፈልጋል? ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ባቄላ ከሆነ በደንብ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ አበጥሮ፣ ክዳኑ ግጥም በሚል በርሜል ማስቀመጥ ነው። ጆንያ ከሆነም ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ፣ ከግድግዳውም ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ትኋንን በተመለከተ፣ ሰው ሁሉ ያፍራል። «ትኋን አለብን» ማለት «ቆሻሾች ነን» ማለት የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። ትኋን በተገዛ አሮጌ አልጋ፣ በእንግዳ ሻንጣ፣ በጎረቤት ግድግዳ በኩልም ይመጣል፤ ንጹሕ ቤትም ይገባል። በሽታ ባያስተላልፍም እንቅልፍ ይነሣል። ደም ሳያገኝ ወራት ስለሚቆይ ቤቱን ዘግቶ መሄድ አያጠፋውም። ለዲዲቲም ከለመደው ቆይቷል። የሚያሸንፈው ሙቀት ነው። አንሶላውንና ልብሱን በፈላ ውሃ ማጠብ፣ የአልጋውን መገጣጠሚያ በፈላ ውሃ ማጠጣት፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ መድፈን፣ ይህንንም በየሳምንቱ መደጋገም ነው፤ ዕንቁላሉ ከቀናት በኋላ ስለሚፈለፈል አንድ ጊዜ አይበቃም። ላምባ መቀባት ግን ቤት ያቃጥላል፤ ተዉት።

ምስጥን ባጭሩ ልበል። በምዕራብ ወለጋ በመንዲ አካባቢ ምስጥ ቤትና ሰብል በማጥፋት የታወቀ ነው። ምስጥ ብርሃን አይወድም፤ በግድግዳው ላይ እንደ ሥር የወጣ የአፈር መሥመር ካያችሁ በውስጡ የሚመላለሰው እሱ ነው። ምሰሶውን አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ተበልቷል። ከግድግዳው ሥር አፈርና ፍልጥ አትከምሩ፤ አዲስ ቤት ስትሠሩ እንጨቱ አፈር እንዳይነካ መሠረቱ ከድንጋይ ይሁን።

ወገኖቼ፣ እኔ ቤቴን ባጸዳ፣ አይጧ ወደ ጎረቤቴ ትሻገራለች እንጂ አትጠፋም። በ1979 ዓ.ም. የደረሰብኝም ይኸው ነው። እኔ ዳቦ ስመርዝ አይጦቹ የሚራቡት የሁላችንም ቆሻሻ በሚጣልበት ቦይ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ከኮሚቴው ጋር የተስማማንበትን ሐሳብ ላቅርብ።

አንደኛ፣ በወር አንድ እሑድ ጠዋት ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ወጥቶ ቦዩን እንጥረግ። ሁለተኛ፣ ቆሻሻ ማታ ውጭ አይደር፤ አይጥ የምትወጣው ማታ ነውና። ሦስተኛ፣ የበርና የግድግዳ ቀዳዳ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ተጠቅጥቆ በሲሚንቶ ይደፈን፤ አቅም ለሌላቸው አረጋውያን ወጣቶቻችን ይሥሩላቸው። አራተኛ፣ መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው በቅድሚያ ለጎረቤቱ ይንገር። ይህ የመጨረሻው ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ በር ማንኳኳት ነው። እኔ ያን ጊዜ አንኳኩቼ ቢሆን ኖሮ ያቺ እናት አትጮህም ነበር።

 እሑድ ከቦዩ ዳር እንገናኝ።