የራዲዮ ሞገድና የሕፃናት አንጎል



ሰው በዓይኑ የማያየውን ነገር አብዝቶ መፍራቱ የቆየ ጠባዩ ነው። ስለዚህ እንደ ኪራሙ ባሉት የወለጋ ከተሞች የስልክ ማማ ሲተከል፣ «ይህ ብረት የልጆቻችንን አንጎል አይጎዳም ወይ?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ የሚያስገርም አይደለም። ጥያቄው አስቀድሞ የሚቀርበውም ለመንግሥት ሠራተኛ ነውና፣ መልሱን አጣርቶ ማወቅ ግዴታችን ነው።

የስልክ ሞገድ እንደ ራጅ ጨረር ያለ ብርቱ ኃይል የለውም፤ የተረጋገጠው ውጤቱ ገላን በጥቂቱ ማሞቅ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ይህን ሞገድ ካንሰር ሊያመጡ ይችሉ ይሆናል ተብለው ከሚጠረጠሩት ነገሮች ጋር መድቦታል። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 24 ዓመት በሆኑ ወጣቶች ላይ በ14 አገሮች ተደርጎ በ2014 ዓ.ም. የወጣው ጥናት፣ ስልክ የአንጎል ዕጢን እንደሚያበዛ አላሳየም። ይሁን እንጂ የሕፃን ራስ ቅል ስስ በመሆኑ፣ አንጎሉ ከዐዋቂው አንጎል በአማካይ ሁለት እጥፍ ያህል ኃይል ይቀበላል። በትምህርትና በማስታወስ ችሎታ ላይ ስላለው ውጤትም ምርመራው ገና አላለቀም። ስለዚህ ጥንቃቄ አይጠላም።

ነገር ግን ጥንቃቄው በቦታው ይሁን። ርቀት እጥፍ ሲሆን የሞገዱ ብርታት ወደ ሩብ ይወርዳል። እንግዲህ ራስን ይበልጥ የሚነካው በሩቅ የቆመው ማማ ሳይሆን ከጆሮ የተለጠፈው ስልክ ነው። ከዚህም በላይ ስልክ ማማው ሲርቀው፣ ድምፁን ለማድረስ ኃይሉን ይጨምራል። ስለዚህ ማማውን ከከተማው ያባረረ ሰው፣ በልጁ ጆሮ ላይ ያለውን ሞገድ አበረታ እንጂ አልቀነሰም።

ስልክ ማጣት ምን እንደሆነም ወለጋ ያውቀዋል። በ2012 ዓ.ም. አገልግሎቱ ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፣ ዘመድ ከዘመዱ፣ ሕመምተኛም ከሐኪሙ ተለያይቶ ነበር።

እንግዲህ እናንተ አባቶችና እናቶች፣ ልጅ በስልክ ሲነጋገር አሳጥሩት፤ ከጆሮው አርቆ በድምፅ ማጉያው ይነጋገር። የመስመሩ ምልክት በደከመበት ስፍራ ስልኩን ለሕፃን አትስጡ። ማታም ከመኝታው አርቁለት፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ትምህርት እንደማይገባው ሁላችን እናውቃለንና። ያለ ዕውቀት የሆነ ፍርሃት ማማ ያስነቅላል፤ ዕውቀት ግን ስልኩን ከሕፃኑ ትራስ ሥር ያስወጣል።