ብረትም ይደክማል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



 የማነሣው ነገር ብረት ሸክም ሲመላለስበት እንዴት እንደሚሰነጠቅና፤ የሚሰበርበትን ጊዜ ሊቃውንት አስቀድመው ለማስላት እንዴት እንደ ደከሙ ነው። አርእስቱ ደረቅ መስሎ የሚታያችሁ ብትኖሩ ጥቂት ታገሡኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ይህ በእጄ የያዝሁት ተራ ሽቦ ነው። በጉልበቴ ብስበው ልበጥሰው አልችልም። ወዲያና ወዲህ ሳጥፈው ግን፤ እነሆ፤ ተሰበረ። በእያንዳንዱ ጊዜ ያሳረፍሁበት ኀይል ትንሽ ነበር፤ የሰበረው መመላለሱ ነው። መሐንዲሶች ይህን የብረት ድካም ይሉታል። ቃሉ ለሰው የሚነገር ቃል ነው፤ ልዩነቱ ብረት ተኝቶ ቢያድር ድካሙ የማይለቀው መሆኑ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አውጉስት ቮለር የተባለ ጀርመናዊ የባቡር መንኰራኵር ዘንጎችን በመኪና እያመላለሰ ፈትኖ ይህንኑ በቍጥር አሳይቶ ነበር።

ሆኖም ዓለም ነገሩን በብርቱ የተማረው ከአንድ አይሮፕላን ነው። ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ አይሮፕላን በግንቦት 1952 ከሎንዶን ወደ ዮሐንስበርግ መንገደኞችን ይዞ ሲበር፤ በጄት ሞተር የመንገደኛ አገልግሎት የጀመረ የመጀመሪያው ሆነ። በጥር 10 ቀን 1954 ግን ከሮማ የተነሣ አንድ ኮሜት በኤልባ ደሴት አጠገብ በአየር ላይ ተበታትኖ ወደቀ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። በረራው ለጊዜው ታገደ፤ አንዳንድ ነገር ተሻሻለና በመጋቢት 23 ቀን እንደ ገና ተፈቀደ። ሚያዝያ 8 ቀን ከሮማ ወደ ካይሮ የሚሄድ ሁለተኛ ኮሜት ባሕር ውስጥ ገባ፤ 21 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተሰጠ ፈቃድ ስንት ሰው እንዳስከፈለ ልብ በሉ።

ኮሜት ከ10 ሺህ ሜትር በላይ ሲወጣ በውጭ ያለው አየር ስስ ነውና፤ መንገደኛው እንዲተነፍስ በውስጥ አየር ይሞላል። ስለዚህ የአይሮፕላኑ ቆዳ በየበረራው እንደ ኳስ አንድ ጊዜ ይነፋል፤ ሲያርፍም ይተነፍሳል። በፋርንቦሮ የሚገኘው የመንግሥት የአይሮፕላን ምርመራ ተቋም አለቃ ሰር አርኖልድ ሆል አንድ ሙሉ ኮሜት በታላቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ እንዲገባ አዘዙ። ክንፎቹ ከገንዳው ወደ ውጭ ወጥተው በመሣሪያ ይወዛወዙ ነበር፤ በሆዱ ደግሞ ውሃ እየተገፋ ይገባል፤ ይለቀቃል። ስለ ምን ውሃ ሆነ ቢባል፤ የታመቀ አየር ቢሆን ኖሮ ቆዳው ሲቀደድ እንደ ቦምብ ፈንድቶ ማስረጃውን ሁሉ ያጠፋዋል፤ ውሃ ግን ብዙም ስለማይታመቅ ስንጥቁ ባለበት ይቀራል። ያ አይሮፕላን በአየር የበረረውና በገንዳ የተፈተነው አንድ ላይ 3,057 ጊዜ ሲሞላ፤ ከመስኮት ማዕዘን አጠገብ ተሰነጠቀ። ከባሕር የወጣው የኤልባው ስብርባሪም በጣራው ላይ ካለ መስኮት ማዕዘን የተነሣ ስንጥቅ አሳየ።

ማዕዘን ለምን? ጨርቅ ሻጭ አቡጀዲ ሲሸጥ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ጨርቁን እንዲሁ ቢስበው አይቀደድም፤ ጠርዙን በመቀስ ነካ አድርጎ ቢስበው ግን እስከ ዳር ይሄዳል። ኢንግሊስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1913 እንዳሰላው፤ ክብ ቀዳዳ ያለው ሰፊ ሠሌዳ ሲሳብ በቀዳዳው ጠርዝ የሚያርፈው ኀይል በሌላው ቦታ ካለው ሦስት እጥፍ ነው፤ ማዕዘኑ በሾለ መጠንም ይህ ይጨምራል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ይህ ነው። የኮሜት ሠሪዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ከአይሮፕላኑ አንዱን ክፍል ፈትነውት ከ16 ሺህ ጊዜ በላይ ተሞልቶ ነበር የተሰበረው። ታዲያ በገንዳው ውስጥ ያለው በ3,057 ለምን ተሰበረ? ያ የፈተና ክፍል ከዚያ ቀደም ለብርታት ፈተና ከሚገባው ግፊት እጥፍ ተጭኖበት ነበርና ነው። ያ ታላቅ ጭነት በማዕዘኑ ያለውን ብረት ትንሽ ለጠጠው፤ ጭነቱ ሲነሣ በዙሪያው ያለው ብረት መልሶ ጨመቀው፤ የተጨመቀ ቦታ ደግሞ በቶሎ አይሰነጠቅም። ፈተናው ራሱ ተፈታኙን አበረታው ማለት ነው! መንገደኛ የጫኑት ግን ይህን ብርታት አላገኙም።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው «ይሰነጠቃል ወይስ አይሰነጠቅም» መሆኑ ቀርቶ «ስንጥቁ በምን ፍጥነት ያድጋል» ሆነ። ለዚህ መሠረቱን የጣለው ግሪፊዝ ሲሆን፤ በዚያው በፋርንቦሮ ሳለ በ1920 መስተዋት እየሰበረ ነው ያጠናው። ፖል ፓሪስ የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ የስንጥቁን ርዝመትና የጭነቱን መጠን አያይዞ እድገቱን የሚያሰላ ቀመር አቀረበ። ታላላቅ መጽሔቶች አናትምም ስላሉት ጽሑፉ በ1961 በአንድ የዩኒቨርሲቲ መጽሔት ወጣ፤ ዛሬ መሐንዲስ ሁሉ ይጠቀምበታል። በዚህ ቀመር ለብዙ ብረቶች ጭነቱ እጥፍ ቢሆን የስንጥቁ ፍጥነት ስምንት እጥፍ ያህል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። የአይሮፕላን መካኒክ በስንት በረራ አንድ ጊዜ ቆዳውን መመርመር እንዳለበት የሚወሰነው በዚህ ዐይነት ስሌት ነው።

ስሌቱ ግን ስለ አንድ ስንጥቅ ሲናገር ብዙዎች ሊኖሩ ይችላሉ። በ1988 በሃዋይ 89,680 ጊዜ የበረረ ቦይንግ 737 ጣራው በአየር ላይ ተገንጥሎ አንዲት አስተናጋጅ ሞተች፤ በተርታ ካሉት የምስማር ቀዳዳዎች የወጡ ጥቃቅን ስንጥቆች ተገናኝተው ነበር። አብራሪዎቹ አይሮፕላኑን በድንቅ ብልሃት አሳረፉት። ምርመራው ሲደረግ አንዲት መንገደኛ ስትሳፈር በበሩ አጠገብ ረጅም ስንጥቅ አይታ እንደ ነበር ተናገረች፤ ያን ጊዜ ግን ለማንም አልነገረችም።

የተሰበረውን ሽቦ በመስተዋት ለማየት የሚፈልግ በጠረጴዛው ላይ ያገኘዋል።