የማሪዬታ ስም
(ሮም ላይ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ጣሊያን ምግብ ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት በሰው ወጥ ቤት የቆማችሁ እናቶች እዚህ ተቀምጣችሁ ሳለ ስለ ፓስታ ላስተምራችሁ አልመጣሁም። ኮሚቴው ያስያዘኝ ሁለት ጥያቄ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከልጆቻችን ጋር የት እንሂድ? የጀመርነው የምግብ አሠራር መጽሐፍስ የማንን ስም ይያዝ? ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ከተማ ላይ ይገናኛሉ።

እንደምታውቁት፣ ጣሊያን አንድ መንግሥት የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። ወጥ ቤቷ ግን እስከ ዛሬ አንድ አልሆነም። በኤሚሊያ ሮማኛ ፓስታ በለስላሳ ስንዴ ዱቄትና በእንቁላል ይቦካል። ወደ ደቡብ ወደ ፑሊያ ስትወርዱ ኦሬኪዬቴው የጠንካራ ስንዴ ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው። በቶስካና ዳቦው ጨው የለውም። በሰሜን ደግሞ የበቆሎ ገንፎው ፖሌንታ አለ። እያንዳንዱ አገር የበላው ምድሩ የሰጠውን፣ ወራቱ ያደረሰለትን ነው።

ወቅቱን ጠብቆ ማብሰል ለእኛ የኪስም ጉዳይ ነው። እዚሁ ሮም ገበያ ውስጥ ካርቾፊ በጸደይ መግቢያ ሲከመር ዋጋው ይወርዳል፣ ጣዕሙም ያን ጊዜ ነው። ሜይ 1 ቀን ሮማውያን እሸት ባቄላ እየፈለፈሉ በፔኮሪኖ አይብ ይበላሉ። ቲማቲም የበጋ ነው፤ ቶስካናዎች የደረቀ ዳቦ አርሰው ከቲማቲምና ከሽንኩርት ጋር ፓንዛኔላ ይሠሩበታል። ብርድ ሲመጣ ያው የደረቀ ዳቦ ከባቄላና ከጥቁሩ ጎመን ጋር ሾርባ ውስጥ ይገባል። በማግስቱ እንደገና ስለሚፈላ ስሙ ሪቦሊታ፣ ዳግም የፈላች ማለት ነው። ፑሊያ ላይ የተከካ ደረቅ ባቄላ እስኪፈርስ ይቀቀልና ይታሻል፤ ከጎኑ መረር ያለ ቅጠል በወይራ ዘይት ይቀርባል። እልበት ሠርታ የምታውቅ ሴት ይህን ስትቀምስ የሩቅ ዘመድ ቤት የገባች ይመስላታል።

ድህነትን ግን አናሞግስ። በሰሜን ጣሊያን የነበሩ ገበሬዎች ሌላ ስላጡ ዓመቱን ሙሉ ፖሌንታ ብቻ ይበሉ ነበር። ብዙዎችም ፔላግራ በሚባል በሽታ ቆዳቸው ተላጠ፣ አእምሯቸው ታወከ፣ ሞቱም። በቆሎ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ለብቻው ሲበላ ሰውነት የሚፈልገውን ኒያሲን የተባለ ቪታሚን በበቂ ስለማይሰጥ ነው። ስለዚህ ባቄላውን ከቅጠሉ፣ እህሉን ከጥራጥሬው ማዋደድ ተራ ነገር አይደለም። ይህን ያወቁትና ያቆዩት በአብዛኛው ስማቸው የትም ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው።

አንዷ ግን ስሟ ተጽፏል። ፔሌግሪኖ አርቱዚ የሚባል ሰው ከፎርሊምፖፖሊ ከተማ ተነስቶ ፍሎረንስ የኖረ ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891፣ ዕድሜው ሰባ ካለፈ በኋላ፣ የምግብ መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ አሳተመ፤ የታተመው 1,000 ቅጂ ነበር። መጽሐፉ እየታወቀ ሲሄድ የቤት እመቤቶች ከየአገሩ አሠራራቸውን በደብዳቤ ይልኩለት ጀመር። መጀመሪያ 475 የነበረው የምግብ ዓይነት በሕይወቱ ዘመን 790 ደረሰ። ምግቡን ወጥ ቤት ገብታ እየሠራች የምትፈትነው ሠራተኛው ማሪዬታ ሳባቲኒ ናት፤ ከእሷ ጋር ፍራንቼስኮ ሩፊሊ የሚባል ሠራተኛም ነበር። አርቱዚ አንዱን የፓኔቶኔ አሠራር በማሪዬታ ስም ሰየመላት። በ1911 ሲሞት ደግሞ የመጽሐፉን የደራሲነት መብት ለሁለቱ ሠራተኞቹ ተናዘዘ።

እህቶቼ፣ ይህን ታሪክ ያመጣሁት በምክንያት ነው። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን እንግዳ ሲጋበዝ «የቤታችን ላዛኛ» እየተባለ ሲወደስ ከጓዳ የሰማን? ላዛኛው የእጃችን ነበር። ባለፈው ዓመት የተለየችን እናታችን ካርቾፊ ስትሠራ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ዛሬ አሠራሯን ልጇ እንኳ አልያዘችውም። የምናጣው እንዲህ ነው፤ ሳንጽፍ አንድ በአንድ።

ስለዚህ የኮሚቴው ሐሳብ ይህ ነው። በመጽሐፋችን ከእያንዳንዱ ምግብ በላይ የሠሪዋ ስም፣ የተማረችበት አገርና የሚበስልበት ወር ይጻፍ። የጣሊያኑም የአገራችንም ምግብ ይግባ፤ ሁለቱም የእኛ ሙያ ናቸውና። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለባለሙያዎቹና ለእርዳታ ሣጥናችን እንዴት እንደሚከፈል መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሳይገባ በጽሑፍ እንስማማ። በኋላ ከምንቀያየም ዛሬ ብንከራከር ይሻላል።

ጉዟችን ደግሞ ወደ ፎርሊምፖፖሊ ይሁን። ከቦሎኛ በክልል ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የክልል ባቡር ዋጋ ዘግይቶ ለሚገዛም አይጨምርም። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተ ካዛ አርቱዚ የሚባል ቤት አለ። በማሪዬታ ስም የተሰባሰቡ የከተማዋ ሴቶች የእጅ ፓስታ ያስተምሩበታል። ልጆቻችን ሊጥ ሲያሹና ሲዳምጡ ይውላሉ። እዚያ በሚከበረው በዓል ጎዳናዎቹ በመጽሐፉ ምዕራፎች ስም ይጠራሉ፤ በቤቷ የምታበስል ሰው የምትሸለመው ሽልማትም የማሪዬታን ስም ይዟል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ወቅቱ ከሐዋርያት ጾም ጋር ሊገጥም ይችላል። የሮማኛው ቂጣ ፒያዲና በልማድ የአሳማ ስብ ይገባበታል፤ በወይራ ዘይት የተሠራም ስላለ «ሴንሳ ስትሩቶ» ብላችሁ ጠይቁ። ቶርቴሊኒም ውስጡ የአሳማ ሥጋ ነው። ጾመኞችም ሙስሊም እህቶቻችንም ሳይቸገሩ እንዲበሉ ምግቡን ቀድመን እናዝዛለን።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ የምንጠይቃችሁ የልጆቹን የባቡር ቲኬትና የመጽሐፉን የማተሚያ ወጪ እንድታግዙን ነው። ምግቡንና ጉልበቱን እኛ እንችላለን።

በሻይ ሰዓት በሩ አጠገብ ደብተር ታገኛላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ የአንድ ምግብ ስም ከራሳችሁ ሙሉ ስም ጋር ጻፉበት። መጻፍ የሚከብዳቸው እናቶች ይናገሩ፤ ልጆቻችን ይጽፉላቸዋል።