ሃይብሪድ መኪናና የወንድሜ ቲሉሽ

ዛሬ ስለ መኪና ነው የማወራው፤ ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ ቲሉሹ።

ታላቅ ወንድሜ በ2024 ከሥራው ሃይብሪድ መኪና ተሰጠው። እናታችን እልል አለች። "ሃይብሪድ ስለሆነ በወር 560 ሼቅል ይቀነስልሃል" ብለውታል፤ እሱም ብሩን አስቀድሞ ለቤት ኪራይ መድቦታል። ቲሉሹ ሲመጣ ግን እጁ የገባው ደመወዝ ጭራሽ አንሷል። "አንተ ተማሪው፣ እስቲ እየው" ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሥራ መኪና እንደ ደመወዝ ይቆጠራል፤ "ሾቪ ሺሙሽ" የሚሉት ይሄንን ነው። በየወሩ የመኪናው ዋጋ 2.48 ከመቶ ደመወዝ ላይ ይደመራል። ዋጋው 150,000 ከሆነ 3,720 ሼቅል ማለት ነው። 560ው የሚቀነሰው ከዚህ ላይ እንጂ ከግብሩ ላይ አይደለም! ስለዚህ ግብር የሚታሰበው በ3,160 ነው። እንደ ወንድሜ 20 ከመቶ ለሚከፍል ሰው ግብሩ ከ744 ወደ 632 ይወርዳል፤ ቅናሹ 112 ሼቅል ብቻ። ቢቱዋህ ለኡሚና የጤና ክፍያም በላዩ አለ፤ እዚያም ትንሽ ይቀንሳል።

መኪናውን አልመለሰም፤ ቤንዚኑን መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል፣ መንገዱም ሩቅ ነው። እናንተ ግን ከመፈረማችሁ በፊት "ኔቶዬ ስንት ይሆናል?" በሉ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

እናታችን እስካሁን "ልጄ በነጻ ያገኘው መኪና" ነው የምትለው።